ስለ ትንሽ ውሻ የጉልበት ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚያስፈልገው ጥበቃ

የእርሻና የከብት ነገር በሚነገርበት ገጽ ላይ ስለ ውሻ ጉልበት ተጽፎ ያየ ሰው፤ ውሻ ከእርሻ ምን አገባው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ዳሩ ግን በሆሳዕናና በዱራሜ፥ በሾኔና በአንጋጫ፥ በዶዮገናና በሺንሺቾ የሚኖረው ሕዝብ የዚህን ጥያቄ መልስ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በጓሮው እንሰት ተክሎ፥ በቤቱ ላምና በግ አስሮ ለሚያድር ሰው፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ አስቀድሞ የሚነቃለት ውሻው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደ ተባለ፤ የቤቱን እንጀራና ቆጮ የቀመሰ ውሻ ቤቱን ይጠብቃል። እንግዲህ ቤት የሚጠብቅ እንስሳ ሲታመም ቤቱ እርሱን መጠበቁ ተገቢ ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆሳዕና ናት። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ እየሰፋች በሄደች መጠን፤ ከግቢ ጠባቂው ከትልቁ ውሻ ሌላ በቤት ውስጥ ከሰው ጋር የሚኖር ትንሽ ውሻ ማሳደግም በከተማ ሰው ዘንድ እየታየ መጥቷል። የጉልበት በሽታም ይልቁን እንደዚህ ያለውን ትንሹን ውሻ ይጠናበታል። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ የእንስሳት ጤና ሹማምንት ምክር በተጠየቁ ጊዜ የሚመልሱት እንዲኖራቸው፤ የበሽታውን ጠባይና የጥበቃውን ሥርዓት ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ስለ በሽታው ጠባይ

የውሻ የኋላ እግር ጉልበት እንደ ሰው ጉልበት ሦስት ነገሮች ተባብረው የሚያንቀሳቅሱት ነው። እነዚህም የጭኑ አጥንት፥ የቅልጥሙ አጥንት፥ ከፊት ለፊት ደግሞ የጉልበት ሎሚ የሚባለው ትንሹ አጥንት ናቸው። ሎሚው በጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በብዙ ትንንሽ ውሾች ግን ይህ ቦይ ከተፈጥሮ የጠለቀ አይደለም፤ ወይም እግሩ ጥቂት የተጣመመ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሎሚው ከቦዩ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ በኩል ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ውሻው እየሮጠ ሳለ በድንገት አንድ እግሩን አንሥቶ ሁለት ሦስት ጊዜ በሦስት እግሩ ይዘላል፤ ሎሚው ወደ ስፍራው ሲመለስም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መንገዱን ይቀጥላል። ባለቤቱ ይህን ጨዋታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የበሽታው መጀመሪያ ምልክት ነው።

ሐኪሞች ይህን በሽታ በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። በ1ኛው ደረጃ ሎሚው በእጅ ሲገፋ ወጥቶ ወዲያው ይመለሳል፤ በ4ኛው ደረጃ ግን ዘወትር ከስፍራው ውጭ ሆኖ ይኖራል፥ በእጅም አይመለስም። 1ኛው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ውሻው እንዳይወፍር መጠበቅና በየጊዜው ማስመርመር ይበቃል። ውሻው ዘወትር የሚያነክስና የሚታመም፥ ደረጃውም ከፍ ያለ ሲሆን ግን ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ይመክራል።

ሁለተኛው የጉልበት በሽታ የውስጥ ጅማት መበጠስ ነው። በጉልበቱ ውስጥ ተመሳቅለው የጭኑንና የቅልጥሙን አጥንት ከሚያያይዙት ሁለት ጅማቶች የፊተኛው ሲበጠስ፤ ውሻው እግሩን በረገጠ ቁጥር ቅልጥሙ ወደ ፊት ይሸሻል፥ ሕመሙም ይበረታል። አንዱ ጉልበት በዚህ የተጎዳ ውሻ በጊዜ ብዛት የሁለተኛው ጉልበቱም ጅማት የሚበጠስበት ጊዜ ብዙ ነውና፤ ጤነኛውን እግር መጠበቅ ከሕክምናው ክፍል አንዱ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ሥራ የጀመረው ከከብት ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ከብት የፈጀው ደስታ የተባለው በሽታ ያመጣው ረኃብ ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ይህም በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፥ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው ከተማ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ከተቋቋመ ወዲህ ግን፤ ከብትን ብቻ ሳይሆን ፈረስን፥ አህያንና ውሻንም የሚያክሙ ሐኪሞች በአገር ውስጥ እየተማሩ ወጥተዋል። ፋኩልቲው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ነው።

ሎሚው የወጣበትን ውሻ ሐኪሙ ሲያክም፤ ቦዩን ያጠልቃል፥ የሎሚው ጅማት የተተከለበትን የቅልጥም አጥንት ጫፍ ቆርጦ ወደ ትክክለኛው ስፍራ ያዛውርና በቀጭን ብረት ይቸነክረዋል፥ የላላውንም ሽፋን ያጠብቃል። የተበጠሰውን ጅማት ሲያክም ደግሞ ለትንሽ ውሻ ብዙ ጊዜ ከጉልበቱ ውጭ ብርቱ ክር ያስርለታል፤ ወይም አጥንቱን ቆርጦ አቅጣጫውን ያስተካክልና በብረት ያያይዘዋል። ከዚህ መረዳት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሐኪሙ ሥራውን በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፥ የተቆረጠው አጥንት እስኪጋጠም ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልጋል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ጠባቂው ሐኪሙ ሳይሆን ባለቤቱ ነው። አንድ ቀን ውሻው ከመደብ ላይ ቢዘል የተቸነከረው ብረት ሊነቀል፥ የታሰረው ክር ሊበጠስ፥ የወጣውም ገንዘብ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳዝነው፤ እንስሳው ያንኑ ሕመም ሁለተኛ መቀበሉ ነው።

ከጉዞው በፊት ቤቱን ስለ ማሰናዳት

ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ውሻውን ወደዚያ ወስዶ የሚያሳክም ሰው፤ በመመለሻው ቀን ደክሞ ሳይገባ ቤቱን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባዋል። ሐኪሙንም በዚያው ቀን እንመለስ ወይስ እንደር ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። በመኪና ሲመለሱ ውሻው በሣጥን ወይም በጠንካራ ካርቶን ውስጥ፥ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ተነጥፎለት ይተኛ እንጂ፤ በሰው ጭን ላይ ተቀምጦ መንገዱ በሚያንገላታው ጊዜ እንዲወድቅ አይተው።

በቤት ውስጥ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ትንሽ ጉረኖ ይሠራለት። ስፋቱ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃ ይሁን፤ ለመሮጥና ለመዝለል የሚበቃ ግን አይሁን። ጣራውም ዘሎ እንዳይወጣ የሚከለክል ይሁን። ስፍራው ቤተ ሰቡ ከሚቀመጥበት ያልራቀ ቢሆን ይሻላል፤ ብቻውን የተዘጋበት ውሻ ይጨነቃልና፥ የተጨነቀም ውሻ ይታገላል።

የሲሚንቶ ወለል ለታመመ ጉልበት ጠላት ነው። በአንድ እግር መንሸራተት ብቻ ስፌትና ክር ሊበጠስ ስለሚችል፤ ውሻው በሚረግጥበት ሁሉ ጆንያ ወይም የማይንሸራተት ምንጣፍ ይነጠፍ። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ያንሸራትታልና፤ ውሻው ባለበት ክፍል ባይጎዘጎዝ ይመረጣል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ከማደንዘዣ የነቃ ውሻ ሰውነቱ ቶሎ ይበርዳል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የምትበልጥ፥ ሌሊቷም ብርድ የሚበዛባት ስለ ሆነች፤ በመጀመሪያው ሌሊት ውሻውን በደረቅ ጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ያስፈልጋል። ከእሳት አጠገብ ማስተኛት ግን አይገባም፤ ሳይታወቀው ሊቃጠል ይችላልና። መጀመሪያ ጥቂት ውኃ፥ ካላስመለሰው በኋላ ጥቂት ምግብ ይሰጠዋል። ዓይነ ምድር ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢዘገይ አያስደነግጥም፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳይሸና ቢቀር ግን ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

እብጠቱን ለማሳነስ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በበረዶ የተሞላ ዕቃ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀን 3 ጊዜ ጉልበቱ ላይ ይያዛል። በረዶው ያለ ጨርቅ በቆዳው ላይ አይቀመጥ፤ ቁስሉም አይርጠብ።

ውሻው ወደ ውጭ ሲወጣ ነጠላ ወይም ፎጣ በረጅሙ ታጥፎ ከሆዱ በታች፥ ከኋላ እግሮቹ ፊት ያልፋል፤ ሁለቱን ጫፍ ሰው ከላይ ይዞ የሰውነቱን ክብደት ያግዘዋል። ይህም ማለት ማንጠልጠል አይደለም፤ ቢንሸራተት እንዳይወድቅ መደገፍ ብቻ ነው።

ስለ መድኃኒትና ስለ ቁስል

የሕመም ማስታገሻው ሐኪሙ ባዘዘው መጠንና ሰዓት ይሰጥ። ውሻው የተሻለው መስሎ ስለ ታየ መድኃኒቱን ከቀኑ በፊት ማቋረጥ አይገባም። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ስሕተት ግን ለሰው የታዘዘውን መድኃኒት ለውሻ መስጠት ነው። በየቤቱ የሚገኙት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፥ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ለትንሽ ውሻ ጥቂቱ መጠን ብዙ ነውና እስከ ሞት ያደርሳሉ። ፓራሲታሞልም ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ በዓይን መመልከት እንጂ መነካካት አያስፈልግም። ቅቤ፥ የተፈጨ ቡና፥ ጨው ወይም የቅጠል ጭማቂ አይደረግበት። ለሌላ ቁስል አባቶች የሚያደርጉት ልማድ ቢኖርም፤ በስፌት የተዘጋ ቁስል የሚድነው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ነው። ውሻው እንዳይልሰው በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጥሩምባ አፍ የሰፋ መከለያ ይታሰርለታል፤ ከገበያ ካልተገኘም ከጠንካራ ካርቶን ሊሠራ ይችላል። የውሻ ምራቅ ቁስል ያድናል የሚለው ንግግር ሐሰት ነው፤ አንድ ሌሊት የላሰ ውሻ ስፌቱን ሁሉ ሊፈታው ይችላል። ስፌቱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እስከዚያም ውሻው አይታጠብ።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ወጌሾች የወለቀና የተሰበረ አጥንት በማቅናት በሕዝብ ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን በቀዶ ሕክምና በብረት ወይም በክር የተያያዘ ጉልበት እንዲታሽ፥ እንዲጎተት ወይም በቀርከሃ ስንጥር እንዲታሰር ማድረግ የሐኪሙን ሥራ ያፈርሳል። ባለቤቱ ውሻው ማነከሱን አላቆመም ብሎ ቢሰጋ፤ መጠየቅ የሚገባው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገውን ሐኪም ነው።

ስለ ዕረፍትና ስለ እርምጃ ሥርዓት

ዕረፍት ማለት ፈጽሞ አለመንቀሳቀስ አይደለም፤ እንቅስቃሴ በልክ ማለት ነው። ያልተንቀሳቀሰ እግር ሥጋው ይከሳል፥ መጋጠሚያውም ይደርቃል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በቀር ሥርዓቱ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

1ኛ፥ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውሻው በአጭር ገመድ ታስሮ ለመሽናት ብቻ፥ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፥ ከ5 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይወጣል። በእነዚህ ቀናት ጣቱን መሬት ማስነካት ይጀምራል።

2ኛ፥ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት በዝግታ፥ በለጥ ያለ መሬት ላይ እስከ 10 ደቂቃ ይራመዳል። ዝግታው ትልቅ ነገር ነው፤ ውሻ ሲፈጥን የታመመውን እግር አንሥቶ በሦስቱ ይሮጣል፥ ሲያዘግም ግን አራቱንም ለመርገጥ ይገደዳል።

3ኛ፥ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት እስከ 15 ደቂቃ፤ በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት እስከ 20 ደቂቃ፥ ጥቂት ዳገትም ተጨምሮ ይራመዳል።

4ኛ፥ አጥንት የተቆረጠለት ውሻ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት መካከል ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ መጋጠሙ ሳይረጋገጥ ገመዱ አይፈታለት። ተፈትቶ ለመሮጥ ብዙዎቹ 3 ወር ያህል ያስፈልጋቸዋል።

ሐኪሙ ከፈቀደ ውሻው በጤነኛው ጎኑ ተኝቶ፥ ባለቤቱ የታመመውን እግር በቀስታ ያጥፍና ይዘርጋ፤ ይህንም ከ10 እስከ 15 ጊዜ፥ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ያድርግ። ውሻው ከጮኸ ወይም ራሱን ካዞረ ከዚያ አይለፍ። ደረጃ መውጣት፥ አልጋና መደብ ላይ መዝለል፥ ከሌላ ውሻ ጋር መታገል በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ የተከለከለ ነው። በክረምት ወራት ጭቃው የሚያንሸራትት ስለ ሆነ፤ በበረንዳ ወይም በደረቅ አሸዋ ላይ ማራመድ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፤ 3ኛውና 4ኛው ሳምንት ነው። ውሻው ሕመሙ ቀልሎት መጫወት ይፈልጋል፥ ሲለምንና ሲያለቅስም ልጆች ያዝኑለትና በሩን ይከፍቱለታል። አጥንቱ ግን ገና አልጋጠመም። ስለዚህ ልጆች የጥበቃው ተካፋይ ይሁኑ እንጂ ከእርሱ አይራቁ፤ ምግቡን በጨርቅ ጥቅልል ውስጥ ደብቆ እንዲፈልገው ማድረግ፥ አጠገቡ ተቀምጦ መደባበስ የመሰለውን ሥራ ቢሰጧቸው እርሱም አይሰለችም፥ እነርሱም ትዕግሥትን ይማራሉ።

ስለ ምግብ

የተዘጋ ውሻ ከሚሮጠው ያነሰ ምግብ ይበቃዋል። እንደ ቀድሞው የተመገበ ውሻ ይወፍራል፥ ክብደቱም በታመመው ጉልበትና በጤነኛው ላይ ይጫናል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ሥጋ ገንቢነቱ ጥቂት ስለ ሆነ፤ ከእርሱ ቀነስ አድርጎ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዕንቁላል መጨመር የከሳውን የእግር ሥጋ ይመልሳል። የወጥ ትራፊ ግን ሽንኩርት ስላለበት አይሰጥ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም የሚጎዳ መርዝ ነው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል።

ሐኪም ስለሚጠራባቸው ምልክቶች

ቁስሉ ከ3 ቀን በኋላ ይልቅ ቢያብጥና ቢቀላ፥ መግል ወይም ክፉ ሽታ ቢኖረው፤ መርገጥ ጀምሮ የነበረ እግር በድንገት ፈጽሞ ቢነሣ፤ ውሻው ምግብ ቢተው፥ ቢያስመልሰው ወይም ዓይነ ምድሩ ቢጠቁር፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ39.5 ዲግሪ ቢበልጥ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነውና፤ በሰው መለኪያ ተመዝኖ ትኩሳት አለው አይባል።

ሕመም የያዘው ውሻ የሚወደውን ሰው እንኳ ይነክሳል። ስለዚህ እግሩ በሚነካበት ጊዜ አንድ ሰው ራሱን ይያዝ፤ አስፈላጊ ሲሆንም አፉ ለጥቂት ጊዜ በለስላሳ ጨርቅ ይታሰር። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስቀድሞ የተከተበ መሆን አለበት። የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ውሻው የተከተበ ቢሆንም ባይሆንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የዚህ በሽታ ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን የሌለ ያህል ነውና፤ ነገ አይባልም።

የሹማምንት ተግባር

በየከተማው የእንስሳት ጤና ጣቢያ የተሾሙ ሰዎች የጉልበት ቀዶ ሕክምና ማድረግ ባይችሉም፤ ሁሉ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ። የሚያነክሰውን ውሻ ሲያዩ ደረጃውን እንዲያስመረምር ባለቤቱን ይምከሩ፤ ታክሞ ለተመለሰው ስፌቱን ይመልከቱ፥ ክሩንም በቀኑ ያውጡ፤ ከሐኪሙ የተሰጠውን ወረቀት አንብበው በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ለባለቤቱ ያስረዱት። ሎሚው የሚወጣበት ውሻ ለዘር እንዳይሆን ይንገሩ፤ በሽታው ወደ ልጆቹ ይወርዳልና።

ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ የሌለው ሰውም በሐፍረት ዝም እንዳይል በደግ ቃል ይቀበሉት። ክብደት መቀነስ፥ በልክ ማራመድ፥ ወለሉን ማስተካከልና በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ ለብዙ ትንንሽ ውሾች ሕመሙን ያቃልሉላቸዋል። የሚያነክስ ውሻ አይረባም ተብሎ ሌሊት ወደ ጎዳና የተጣለ እንደ ሆነ ግን፤ ከጅብ አያመልጥም፥ ቢያመልጥም ክትባቱ ተቋርጦ ለሰፈሩ ልጆች አደጋ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ትንሽ ውሻ ጉልበት ነገር የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም።

ስለ ውሻው የተነገረው ሥርዓት ለበሬና ለአህያ፥ ለላምና ለፈረስም ያገለግላል። ቁስልን በንጽሕና መጠበቅ፥ ለተጎዳ መጋጠሚያ ዕረፍት መስጠት፥ ሥራን ጥቂት በጥቂት መመለስ፥ ያልታዘዘ መድኃኒት አለመስጠት ለሁሉ አንድ ነው። እግሩ ሳይድን ለቀንበር የተዳረገ በሬ ባለቤቱን የዓመት እርሻ ያሳጣዋል። በትንሹ እንስሳ ሁለት ወር መታገሥን የተማረ ቤት፤ በትልቁ ጊዜ አይቸኩልም።